በሕሙማን ምደባ ሥርዓት የመረጃ መስኮችን ስያሜ ስለ ማስማማት

ጠያቂ (ድሬዳዋ)፦ በአንድ ጤና ተቋም የድንገተኛ ክፍሉን የሕሙማን ምደባ (ትሪያጅ፦ ማን ቀድሞ መታከም እንዳለበት በአጣዳፊነት መለየት) ወደ ኮምፒውተር እያስገባን ነው። ያው አንዱ መረጃ በካርድ ክፍል «ደረጃ»፣ በድንገተኛ ክፍል «ትሪያጅ»፣ በወርኃዊ ሪፖርት ደግሞ «አጣዳፊነት» ተብሎ ስለተሰየመ ሠንጠረዦቹን ማገናኘት አልቻልንም። አንዱን ስም መርጠን ሁሉንም ብንቀይር ይበቃል?

መልስ 1፦ አይበቃም። መስኩ (በሠንጠረዡ አንድ ዓይነት መረጃ የሚሞላበት ቦታ) የሚይዘው እሴት የየትኛው የምደባ ሚዛን እንደሆነ ከስያሜው መታወቅ አለበት። የደቡብ አፍሪካው የትሪያጅ ሚዛን ሕሙማንን በቀይ፣ በብርቱካናማ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ሲለይ፣ ኢኤስአይ (ESI፣ የድንገተኛ ሕመም ክብደት መለኪያ) የተባለው ሚዛን ግን ከ1 እስከ 5 ባሉ ቁጥሮች ይመድባል፤ እጅግ አጣዳፊው 1 በመሆኑ፣ ትልቅ ቁጥር ከባድ ሕመም የሚመስለው መዝጋቢ ምደባውን ሊገለብጠው ይችላል። ስለዚህ «ትሪያጅ_ኢኤስአይ» እና «ትሪያጅ_ቀለም» የተለያዩ መስኮች ይሁኑ።

መልስ 2 (ሐረር)፦ በእኔ ግምት ከደረጃው ይልቅ የሚያስቸግረው «ቀን» የሚለው ባዶ ስም ነው። የመጣበት ነው፣ የተመደበበት ወይስ የተኛበት? የእኛና የአውሮፓውያን አቆጣጠር በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለያዩ፣ በተለይ የትውልድ ቀን ላይ አቆጣጠሩ በስያሜው ካልተጠቀሰ የሕፃናት ዕድሜ ፈጽሞ ይዛባል። «የትውልድ_ቀን_ኢት» («ኢት» በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማለት) ብሎ መጻፍ ትንሽ ቢረዝምም ይሻላል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። የቀድሞዎቹን ስሞች እንሰርዛቸው?

መልስ 1፦ አይሰርዟቸው፤ አሮጌውን ስም፣ አዲሱንና ለውጡ የተደረገበትን ቀን የሚያሳይ የማዛመጃ ሠንጠረዥ ያስቀምጡ፤ ያለዚያ የቆዩትን ሪፖርቶች ማመሳከር አይቻልም።