የመርካቶን ጫማ ሰሪዎች ፈጠራ በምን ልለካው?

ሰላም ወገኖች፣ የማስተርስ ጥናቴ አላንቀሳቅስ ብሎኛልና እርዱኝ። የማጠናው የመርካቶ ጫማ ሰሪዎችን የፈጠራ ሥርዓት ነው፤ አዲስ ነገር እንዴት እንደሚያወጡና እውቀቱ ከማን ወደ ማን እንደሚዞር ማለቴ ነው። አማካሪዬ ፓተንት (የተመዘገበ የፈጠራ ባለቤትነት መብት) እና የምርምር በጀት ቁጠሪ ይሉኛል። ባየኋቸው ቤቶች ሁለቱም የሉም። ፈጠራው ግን ሞልቷል! አንዱ የቻይና ጫማ ሶል ገንጥሎ፣ ስፌቱን አይቶ፣ ቅርጹን በካርቶን ቆርጦ ያወጣል። ጎረቤቱ ደግሞ ያንኑ ያሻሽለዋል። እውቀቱ የሚዞረው በቆዳ ነጋዴውና ቤት በሚቀያይረው ሠራተኛ ነው። ይህ ካልተቆጠረ ፖሊሲ አውጪው ምንም የለም ብሎ ያልፋቸዋል፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ፈጠራ እንዴት እንደሚለካ የሚያሳየውን፣ ለላቲን አሜሪካ የተዘጋጀውን የ2001ዱን (እ.ኤ.አ.) የቦጎታ ማንዋል አንብቤያለሁ። ሌላው የፈጠራ መለኪያ መመሪያ፣ የ2005ቱ (እ.ኤ.አ.) የኦስሎ ማንዋልም ስለ ታዳጊ አገሮች አባሪ አለው። ሁለቱም መዝገብ ለማይዝ ትንሽ ቤት ይከብዳሉ። ማን ከማን እንደተማረ የጠየቃችሁ አላችሁ? የጫማ ሰሪዎቹ ስም ዝርዝር በሌለበት ናሙናውን ከየት ጀመራችሁ?