የአባዬ አርባና የወንድሜ ልጅ ክርስትና በአንድ ሳምንት ገጠሙ፤ እልል ይባላል ወይ?

የጉለሌዋ (ጠያቂ)

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

አባዬ ያረፈው በሁዳዴ ነው፣ ፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ዓርብ ዕለት። በዚያው ሳምንት ማክሰኞ የወንድሜ ሚስት ወንድ ልጅ ወልዳለች። አባዬ የልጅ ልጁን ያየው ሆስፒታል ተኝቶ በወንድሜ ስልክ ነው፣ ኦክስጅኑን እንዳደረገ፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አስጠግቶ "ጆሮው የኔ ነው" አለ። ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተናገረም። (እውነትም ጆሮው ቁርጥ የሱ ነው።)

አሁን ቀኑን ቁጠሩት። የሕፃኑ አርባ ቅዳሜ ሳምንት ነው፣ ክርስትና ይነሣል። የአባዬ አርባ ሦስት ቀን ቆይቶ ማክሰኞ። ቤቱ ያው፣ ድስቱ ያው፣ የእድሩ ወንበርም ያው። የአባዬ እህት "የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ እልል የሚባልበት ቤት እግሬ አይረግጥም" ብላለች። እማዬ ጥቁሯን እንደለበሰች "ልጁ ምን አጠፋ?" ትላለች። ወንድሜ እንደ ልማዱ ዝም።

እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ለፋሲካ እማዬ ዶሮ ሠራች። ተይ ብለናት ነበር። እንደምታውቁት ከ12ቱ ብልት ፈረሰኛው የአባወራው ነው፣ እኛ ቤት ደግሞ እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ከአባዬ በቀር ማንም በልቶት አያውቅም። እጇ ለምዶባት አውጥታ በሱ በኩል አስቀመጠችው። ሁላችንም አየነው፣ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ ተነሥታ "ተመስገን ጌታዬ፣ ለዚህ ቀን ያደረስከን" ስትል እኔ "ለየቱ ነው የምታመሰግኚው?" ብዬ ገበታውን ጥዬ ወጣሁ። አሁን ሳስበው እፍረቱ ይገለኛል። ፈረሰኛው ሳይነካ ውሎ ማታ "ለነፍሱ" ብላ ለሰፈሩ ዘበኛ ሰጠችው።

ጥያቄዬ፦ ክርስትናው ይደገስ ወይስ ተጠምቆ ብቻ ይምጣ? ደግሞ ሐዘን ላይ ሆናችሁ "ተመስገን" የምትሉ፣ የምራችሁን ነው?

እመ ብዙኃን

ነፍስ ይማር ልጄ። ባለቤቴን የቀበርኩት የታላቋ ልጄ ሠርግ አንድ ወር ሲቀረው ስለሆነ ነገሩን አውቀዋለሁ።

ክርስትናና ድግስ ለየቅል ናቸው። ድግስ ይቆያል፣ ክርስትና አይቆይም። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ነው፣ ሐዘንተኛ አለ ተብሎ ቀኑ አይገፋም። ሕፃኑ ከውኃው ወጥቶ፣ ሜሮን ተቀብቶ ማተቡ ሲታሰርለት ቤተክርስቲያን ውስጥ እልል ብትሉ ለጥምቀቱ ነው፣ አባትሽን ማንም አልናቀም። ቤት ስትመጡ ድፎ ዳቦና ቡና ይበቃል፣ ሙዚቃው ይቅር። አክስትሽን በስልክ እንዳትከራከሪያት። እቤቷ ሂጂ፣ ቡናዋን ጠጪ፣ አልቅሺ አብረሽ። ሰው በወንድሙ ሲያዝን የሚያወራው ሁሉ ትእዛዝ ይመስላል፣ ግን ብዙውን ጊዜ "እኔንም አስታውሱኝ" ማለት ነው።

እናትሽን ይቅርታ ጠይቂያት። ዛሬውኑ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

የምሬን ነው ወይ ላልሽው፣ የኔን ልንገርሽ። እናቴ አገር ቤት ስትሞት እኔ እዚህ ሜሪላንድ ነኝ፣ የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ ገና መተኛቴ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳው ሳይ ስድስት የማውቃቸው ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፣ አንዷ ነጠላ ለብሳለች። አሜሪካ ውስጥ በዚያ ሰዓት ስድስት ሐበሻ ደጅህ ላይ ከቆመ ለምን እንደመጣ አይጠየቅም። በሩን ሳልከፍት "ማን ነው?" ብዬ ጮኽኩ፣ እነሱም መልስ አልሰጡኝም። እኅቴ ከሁለት ቀን በፊት ደውላላቸው፣ መርዶውን ለብቻዬ እንዳልሰማው የእረፍት ቀኔን ጠብቀው ነበር።

ሰባት ቀን ቤቴ አልተዘጋም። ንፍሮውን ማን እንደቀቀለው እስካሁን አላውቅም። ቀብሩን በስልክ ሳይ ከግራና ቀኝ የያዙኝ ሁለት ሰዎች አንዱን ከዚያ በፊት በስሙ እንኳን አልጠራውም ነበር። ሲሄዱ ፍሪጁ ላይ ፖስታ ትተው ሄዱ፣ የዚያን ወር ኪራይ ከፈልኩበት።

እና ተመስገን እላለሁ። እናቴ ስለሞተች አይደለም፣ እንዲህ የሚል ካለ እኔ አልገባኝም። በሩን ስላንኳኩት ነው።

ወንጌል በቤቴ

እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ ስለ ተዝካር አልገባም፣ ክርክሩ ሌላ ቀን ይሁን። ግን ዮሐንስ 11ን አንብቢው። ቁጥር 35 ላይ "ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ" ይላል፣ ቁጥር 41 ላይ "አባት ሆይ፥ ስለ ሰማኸኝ አመሰግንሃለሁ" ይላል። መቃብሩ ያው የአልዓዛር መቃብር ነው። አልዓዛር ደግሞ የሚወጣው ቁጥር 44 ላይ ነው፣ ማለትም ምስጋናው የመጣው ሟቹ ገና ውስጥ እያለ ነው! አባቴ ሲሞት ይህንን ምዕራፍ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልቆጠርኩትም። ደግሞም 1 ተሰሎንቄ 5፥18 "በሁሉ አመስግኑ" ነው የሚለው፣ "ስለ ሁሉ" አላለም።

ቀጥታ እንነጋገር

ክርስትናውም አርባውም በልክ ይሁን። በሟች ስም ሰንጋ ጥለው ዓመቱን ሙሉ አበዳሪ የሚሸሹ ጎረቤቶች አሉኝ። በቃ።

ዲያቆን

@ወንጌል በቤቴ፣ የዮሐንሱን ወድጄዋለሁ። ግን ኤፌሶን 5፥20 "ስለ ሁሉ" ይላል፣ ስለዚህ በአንዲት ፊደል የምናመልጥ አይመስለኝም 🙂

እህቴ፣ እናትሽ "ለዚህ ቀን ያደረስከን" ያሉት ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? ቅዳሴ ላይ በምስጋናው ጸሎት "እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና" እንላለን። እንኳን አደረሳችሁ ያልሽንም አንቺው ነሽ፣ በመጀመሪያው መስመር። እናትሽ የቆጠሩት ገበታው ዙሪያ ያሉትን ነው፣ አንቺ የቆጠርሽው የጎደለውን። ሁለታችሁም ትክክል ቆጥራችኋል።

ሌላም አለ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ ሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይጸለያል። ዘንባባውን ራሳችን ላይ አስረን ጣታችን ላይ ቀለበት እየሠራን፣ ገና ላልሞቱት ፍትሐት እየሰማን እንቆማለን። ልጅ ሆኜ ይገርመኝ ነበር፣ አሁንም ይገርመኛል። ቅዳሜና ማክሰኞ ለቤተክርስቲያን አይራራቁባትም ለማለት ነው። የክርስትና አባቱን ብቻ ቶሎ ምረጡ፣ እሱ ነው ሁልጊዜ በመጨረሻ ሰዓት የሚረሳው።

የጉለሌዋ (ጠያቂ)

@እመ ብዙኃን፣ በዚያው ቀን ይቅርታ ጠየቅኋት፣ እግዜር ይስጥልኝ እናቴ። "ያን ዕለት እኔም ምን እንዳልኩ አላውቀውም፣ አፌ ነው ያለው" አለችኝና ሁለታችንም ሳቅን፣ ከአባዬ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው።

ሁለቱም አለፉ። ቅዳሜ ሕፃኑ ተጠመቀ፣ ክርስትና አባቱ የአባዬ የሥራ ባልደረባ ነው (ዲያቆን፣ ልክ ነህ፣ ዓርብ ማታ ነው የተገኘው)። አክስቴ እልል አላለችም። ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ግን ዓርብ ማታ ሳንጠራት መጥታ እስከ ሌሊት ሽንኩርት ስትከትፍ ያመሸችው እሷ ናት፣ ለቅዳሜውም ለማክሰኞውም አንድ ላይ፣ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ሳትለይ። ዓይኗ ቀልቶ ሳያት "ሽንኩርቱ ነው" አለችኝ። እኔም ሽንኩርቱ ነው ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ድግስ አላልነውም፣ ግን እማዬ አንድ ዶሮ ሠርታ ፈረሰኛውን ወንድሜ ፊት አስቀመጠችለት። "አሁን አባወራ ነህ" አለችው። ቀና ብሎም አላያትም፣ ከጎኑ ያለውን በላና ተነሣ። ማታ ሳህን ልናጥብ ስንገባ ድስቱ ውስጥም መሶቡ ላይም የለም፣ አጥንቱ ብቻ በሶፍት ተጠቅልሎ ከሕፃኑ ጡጦ አጠገብ ተቀምጧል። ማን እንደበላው እስካሁን ያመነ የለም።

ማክሰኞም በሰላም አለፈ። ስለ ጸሎታችሁ አመሰግናለሁ።