ነፃ ሕክምናው ይምጣ ወይስ ይቅር? የድሬ ልጆች ክርክር

አወያይ (ከዚራ)፦ ሰላም የድሬዳዋ ልጆች። ለአዲስ ሰው፦ እዚህ የምንጠራራው በሰፈራችን ወይም በከተማችን ስም ነው። ዓርብ ማታ ነው፣ እንደተለመደው የሚያከራክር ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንድ የከተማችን ቤተ ክርስቲያን ከውጭ እንግዶች ሊቀበል ነው። አንድ ቤተሰብ ናቸው። አባትየው የዓይን ሐኪም፣ እናትየው ነርስ፣ ሁለቱ ልጆች ገና የሃይስኩል ተማሪዎች። በዕረፍት ጊዜያቸው፣ ቲኬታቸውን ራሳቸው ቆርጠው፣ 2 ሳምንት በነፃ ሊያክሙ ይመጣሉ። አባትየው የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ይሠራል። እግረ መንገዳቸውን ግፊትና ስኳር ይለካሉ፣ መድኃኒትም ያድላሉ። ሕክምናው ሲጀመር አጭር ጸሎት አለ ተብሏል። ጥያቄው፦ እንዲህ ያለው የሕክምና ሚሽን ይጠቅመናል ወይስ ይቅርብን? ስድብ የለም። የሰው ሃይማኖት መንካት የለም። ከ1 ደቂቃ በላይ የድምፅ መልእክት የላከ ይታገዳል፣ ባለፈው ያየነው ይበቃናል።

ታይዋን፦ ይሄ ደሞ ያከራክራል እንዴ አቦ? ሰው በገዛ ገንዘቡ ባሕር አቋርጦ ላክማችሁ ሲል ለምን መጣህ ሊባል ነው? ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ ነው። አያቴ ሁለቱም ዓይኗ በሞራ ተሸፍኗል። የልጅ ልጆቿን የምትለየው በድምፅ ነው። እኔ ይምጡ ባይ ነኝ፣ ጨርሻለሁ።

ገንደ ቆሬ፦ አልጨረስክም ወንድሜ፣ ገና መጀመራችን ነው። እናቴ ሙስሊም ናት። ነፃ ሕክምና አለ ሲባል ሌሊት ወጥታ ወረፋ ትይዛለች። ጸሎት ሲጀመር ተነስታ ብትወጣ ወረፋዋ ይሄዳል። ብትቀመጥ ቅር ይላታል። ማንም አላስገደዳትም ትሉኛላችሁ። የሰው ፊት እሳት ነው ይባል የለ? በነፃ የሚታከም ሰው በምን አንደበቱ እምቢ ይላል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ላይ ማንም ሰው የሚፈልገውን እምነት ለመያዝ ያለውን ነፃነት በኃይል ወይም በሌላ ሁኔታ በማስገደድ መገደብ አይቻልም ይላል። ማስገደድ የግድ ዱላ መያዝ አይደለም።

ሳቢያን፦ የዝግጅት ኮሚቴው ውስጥ አለሁበትና ልመልስ። ጸሎቱ የቡድኑ ነው። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እጃቸውን እንዲባርክላቸው ይጸልያሉ፣ በቃ። ሃይማኖት የሚጠይቅ ቅጽ የለም። ከተመዘገቡት ውስጥ ብዙ ሙስሊም አለ፣ ማንም ይሄን አልቆጠረም። ደግሞ እነዚህ ሰዎች ለምን መጡ ብላችሁ ጠይቁ። እምነታቸው ነው ያመጣቸው። እምነታችሁን ኤርፖርት ጥላችሁ ግቡ ልንላቸው ነው?

ገንደ ቆሬ፦ ጥለው ይግቡ አላልኩም። ታማሚ ፊት አይሁን ነው ያልኩት። ልዩነት አለው።

ለገሃሬ፦ ልጆች፣ እኔ እንኳ ከባቡሩ ዘመን ነኝ። በልጅነቴ እግሬ ቆስሎ ሲመግል ያጠቡልኝ የሚሲዮን መነኩሲቶች ናቸው። አንድም ቀን ሃይማኖትህ ምንድን ነው አላሉኝም። ግን ይሄን ልብ በሉልኝ፦ በማግስቱም እዚያው ነበሩ። በሳምንቱም፣ በዓመቱም። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ከእኛ እኩል ያወሩት ነበር። የአሁኖቹ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ይመለሳሉ።

ታይዋን፦ ጋሼ፣ ዘመኑ ተቀየረ እኮ። ማን ነው ዕድሜ ልኩን የሚመጣ?

ለገሃሬ፦ እሱንማ አውቃለሁ ልጄ። የጎደለውን ነው የነገርኩህ።

ሐረር (መምህር)፦ ከጎረቤት ከተማ ብሆንም ልግባ። ይሄ ክርክር ከሁላችንም ይበልጣል። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ ሀገሩን ለሁለት ከፍሎት ነበር። ሚሲዮኖች እንደልባቸው የሚያስተምሩበት ክፍት ቦታ አለ፣ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ክልል የተባለ ደግሞ አለ። በቤተ ክርስቲያኗ ክልል ሆስፒታል መክፈት ይቻላል፣ ሰውን ከሃይማኖቱ ማውጣት ግን አይቻልም። ስለዚህ የገንደ ቆሬ ጥያቄ ትናንት የመጣ አይደለም። መንግሥት በዚያ ዘመንም ሐኪሙን ፈልጎታል፣ ስብከቱን ግን ፈርቶታል።

ሁለተኛ፣ ከሐረር ወደ ባቢሌ ስትወጡ ቢሲዲሞን ታገኛላችሁ። በፈረንጆች 1950ዎቹ መጨረሻ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቆረቆረች ናት። ጀርመን አገር ቩርዝቡርግ ከተማ በ1957 የተመሠረተው የሥጋ ደዌ ረጂ ማህበር መጀመሪያ የተነሳው ለእሷ ብሎ ነው። ያኔ የሥጋ ደዌ ሕክምና ዓመታት ይፈጃል። 2 ሳምንት አክሞ የሚሄድ ሰው ለእነዚያ ሕሙማን ምን ይፈይዳል? ጋሼ ያሉትን በሌላ በኩል ነው የምደግመው።

ከዚራ 2፦ መምህር፣ ታሪክ ጥሩ ነው፣ የዛሬውን ግን ማን ይንገረን? ነርሶች የሉም እዚህ?

ቀፊራ (ነርስ)፦ አለሁ። ተረኛ ስለነበርኩ ነው የዘገየሁት። ስለ ጸሎቱ እኔ አልገባበትም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግፊቱ ነው።

አንዲት እናት እኛ ጋ መጡ። ራስ ምታት፣ ማዞር። ለካሁ፣ 190 በ110። መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ስላቸው ከጉያቸው ቋጠሮ ፌስታል አወጡ። ውስጡ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት። ከረጢቱ ላይ በእስክርቢቶ የተጻፈ የባዕድ አገር ጽሑፍ፣ ቀኑ ተሟጦ ጠፍቷል። ውስጡ 4 ነጭ ክኒን። የምን ክኒን ነው? እሳቸው አያውቁም። እኔም አላውቅም። «ፈረንጆቹ ናቸው የሰጡኝ፣ እንዳያልቅብኝ ሲያመኝ ብቻ ነው የምውጠው» አሉኝ። ግፊት ሲያም ብቻ የሚዋጥ መድኃኒት የለውም እኮ! ግፊት ብዙ ጊዜ አያምም፣ የሚያመው ሲመታህ ነው። እሳቸው ግን መታከማቸውን እንጂ መድኃኒቱ ማለቁን አልቆጠሩትም። ጤና ጣቢያ ቢሄዱ ካርድ ይወጣላቸው ነበር። ታክሜያለሁ ብለው ቁጭ አሉ። እዚህ ላይ ነው ጉዳቱ። ፈረንጆቹ ባይመጡ ኖሮ እናትየው ቢያንስ እኛ ጋ ቀድመው ይመጡ ነበር።

ታይዋን፦ እህቴ፣ ይሄ ግን የሁሉም ጥፋት አይደለም።

ቀፊራ (ነርስ)፦ አላልኩም። እየለየህ አንብብ። የዓይን ሞራ ሌላ ነው። ቀዶ ጥገናው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ሞራው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፣ የዚያ ዓይን ሞራ ጉዳይ በዚያው አለቀ። በየወሩ የሚዋጥ ነገር የለም። አያትህን ይሥሩልህ፣ እልል እላለሁ። ግፊትና ስኳር ግን ዕድሜ ልክ ነው። የአንድ ወር ክኒን ሰጥቶ መሄድ ሕክምና አይባልም። ታዲያ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልላችሁ ይምጡ ወይስ ይቅሩ ስትሉ ግራ ይገባኛል።

አወያይ (ከዚራ)፦ አወያይ ነኝ፣ ግን ዝም አልልም። ከመጀመሪያው ጥያቄዬን እንዲህ ከፍዬ ማቅረብ ነበረብኝ ባይ አለ በውስጥ መስመር፣ ትክክል ነው። በ1998 ዓ.ም. የተሠራው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነው ብሏል፣ ከዚያ ግማሽ ያህሉ መንስኤው የዓይን ሞራ ነው። ማለትም ብርሃኑ ሊመለስለት የሚችል ሰው ነው ቤቱ ተቀምጦ ያለው። ለዚህ የሚመጣን ሐኪም የምንመልስበት አንጀት የለኝም።

መጋላ (ፋርማሲ)፦ ስለ መድኃኒቱ ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት የእርዳታ መድኃኒት መመሪያ አለው። አገር ውስጥ ሲገባ ቢያንስ 1 ዓመት ዕድሜ የቀረው መሆን አለበት። ጽሑፉም ተቀባዩ ባለሙያ በሚያነበው ቋንቋ መሆን አለበት። እኛ ጋም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይፈቅድ መድኃኒት በሻንጣ አይገባም። ሐኪሙም ቢሆን ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ ያወጣል። ኮሚቴው ይሄን ጨርሷል?

ሳቢያን፦ የሐኪሙ ፈቃድ በሂደት ላይ ነው። የመድኃኒቱን አልደበቅም፣ እሱ ላይ ገና ነን።

መጋላ (ፋርማሲ)፦ እንግዲያው የግፊቱ መድኃኒት ባይመጣ ይሻላል። እዚህ ያለውን ገዝተው ለጤና ጣቢያ ቢሰጡ የተሻለ ነው። ሰውየው ነገም ያንኑ ክኒን ያገኛል።

ዲያስፖራ (የድሮ የከዚራ ልጅ)፦ ከውጭ ሆኜ የምታዘበውን ልንገራችሁ። እዚህ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት እንዲህ ያለ ጉዞ ያዘጋጃሉ። ልጆቹ ስፖንሰር ይሰበስባሉ፣ ቲሸርት ያሠራሉ። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። ግን የ4 ሰው ቲኬት፣ ሆቴል፣ ትራንስፖርት ስትደምሩት ስንት ነው? ያ ገንዘብ ለአንድ የድሬ የዓይን ሐኪም ዕቃ ቢገዛለት 2 ሳምንት ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ይሠራበታል። የእኛ ሐኪሞች ችሎታ አላነሳቸውም። ሌንስ፣ ጠብታ፣ ማይክሮስኮፕ ነው ያነሳቸው።

ሳቢያን፦ በወረቀት ላይ ያምራል። ያ ሰው ካልመጣ ግን ገንዘቡም አይመጣም። ሰው አይቶት ለማያውቀው ሆስፒታል ይሄን ያህል አይልክም። መጥቶ አንዲትን እናት ፋሻዋን ፈቶላት ስታይ ካየ፣ ከዚያ በኋላ ነው በየዓመቱ የሚልከው።

ዲያስፖራ፦ ይሄኛው ነጥብ ይከብደኛል፣ እቀበላለሁ። የልጆቹስ? የሃይስኩል ልጅ እዚያ ምን ይሠራል? አገሩ ላይ መድኃኒት መቁጠር የማይፈቀድለት ልጅ እዚህ ነጭ ጋውን ለብሶ ያድላል። ከዚያ የታማሚ ፊት ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል። አያትህን እንዲያ ብታገኛት ደስ ይልሃል ታይዋን?

ታይዋን፦ ፎቶው አይዋጥልኝም። ወላሂ ይሄ እውነት ነው።

ቀፊራ (ነርስ)፦ ልጆቹ ሥራ አያጡም። ዓይናቸው የታሰረ ሰዎችን እጅ ይዞ መውሰድ፣ ውሃ ማደል፣ ወንበር ማደርደር። በድሬ ሙቀት ወረፋ ላይ ላለ ሽማግሌ ውሃ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ክኒንና መርፌ ግን አይነኩም። ስልካቸውም ኪሳቸው ይቆይ።

ሐረር (መምህር)፦ ልጅ ይዞ መምጣት በራሱ ክፉ አይደለም። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን ከአውስትራሊያ ሲመጡ የ6 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ነው። በፈረንጆች 1959 ነበር። ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊከፍቱ፣ ለ3 ዓመት ውል። ፊስቱላ ያለባቸውን፣ በተራዘመ ምጥ ተጎድተው ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውን ሴቶች አዩ፣ ቀሩ። ባልየው በ1993 አረፉ፣ ሚስትየው በ2020 በ96 ዓመታቸው፣ አዲስ አበባ። ዛሬ እኛው ሐረር የሃምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ። ክርስቲያንነታቸውን ደብቀው አያውቁም። ሆኖም ሕክምናው ለሙስሊሟም ለክርስቲያኗም እኩል ነው። የሀገሩን ሐኪምና አዋላጅ አሠለጠኑ፣ እነሱ ቢያልፉም ሥራው አልቆመም።

ገንደ ቆሬ፦ መምህር፣ እሳቸውን ማን ይጠላል? ግን በሃምሊን ስም ሁሉም እንዳያልፍ። 60 ዓመት የኖረና 2 ሳምንት የሚያድር አንድ አይደሉም።

ሐረር (መምህር)፦ ሲጀምሩ እነሱም የ3 ዓመት እንግዶች ነበሩ። የመጀመሪያውን ጉዞ ከዘጋህበት ሁለተኛው አይመጣም።

ለገሃሬ፦ እዚህ ላይ መምህሩ አሸነፉኝ። ቢሆንም እንግዳው ሐኪም ብቻውን አይሥራ። የእኛ የዓይን ሐኪም አጠገቡ ይቁም። አንዱ ሲሠራ ሌላው ይይ፣ ከዚያ ይቀያየሩ። አለበለዚያ እሳቸው ሲሄዱ ነገሩም አብሮ ይሄዳል።

ዲያስፖራ፦ ጋሼ፣ ይሄ እንዴት አያስደስት! የእኛ ሐኪሞች ደግሞ ከእሱ የሚበልጡበት አለ። ትራኮማ የሚባለውን የገጠሩን የዓይን በሽታ እንደነሱ ብዙ ያየ ፈረንጅ የት ይገኛል? ትምህርቱ በሁለቱም በኩል ነው።

አወያይ (ከዚራ)፦ እንግዲህ ሰዓቱ ገፍቷል። ድምፅ መስጫ ከፍቻለሁ። 1ኛ ለዓይን ብቻ ይምጡ። 2ኛ ለሁሉም ይምጡ። 3ኛ ይቅሩ። የእኔ 1ኛው ነው። ግፊትና ስኳር ከተለካ እንኳ ከፍ ያለበት ሰው በዚያው ቀን ስሙ ተጽፎ ጤና ጣቢያ ካርድ ያውጣ፣ ክኒን ከሻንጣ አይታደል።

ገንደ ቆሬ፦ የጸሎቱ ጉዳይ ድምፅ መስጫው ላይ የለም።

ሳቢያን፦ ነገ ኮሚቴ አለን። በሩ ከመከፈቱ በፊት፣ ለብቻቸው እንዲጸልዩ ሐሳብ አቀርባለሁ። ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባም፣ ውስጣችንም የማይስማማ አለ።

ገንደ ቆሬ፦ ከሆነ እናቴን ራሴ ይዣት እመጣለሁ። ካልሆነ ድምፄ 3ኛው ነው።

ታይዋን፦ እኔ አያቴን ማስመዝገብ ነው የምፈልገው አቦ፣ በማን በኩል ነው?

ቀፊራ (ነርስ)፦ በሳቢያን በኩል። ግን ከማስመዝገብህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅልኝ። በማግስቱ ፋሻውን ማን ይፈታል? ጠብታው ለሳምንታት ነው፣ ሲያልቅ ከየት ይገኛል? እነሱ ከሄዱ በኋላ ዓይኗ ቀልቶ ቢያማት ደግሞ በዚያው ሰዓት ይዘሃት ሩጥ፣ እስኪነጋ አትጠብቅ። ስኳር ካለባትም አሁኑኑ ተናገር።

ታይዋን፦ ስኳርማ አለባት።

ቀፊራ (ነርስ)፦ እንግዲያው ነገ ጠዋት መጀመሪያ እኛ ጋ አምጣት።