አስቸኳይ፦ ጉቶዬን የጅብ ጥላ ወርሶታል፤ እሑድ ድንኳን ልተክል ነው

የአዘዞዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ጠዋት ስነሣ ግቢዬ ውስጥ ያለው ጉቶ ዙሪያውን በጅብ ጥላ ተከቦ አገኘሁት። ትናንት አልነበረም። ማር የመሰለ ቀለም አለው፤ እንደ ወይን ዘለላ ተጣብቆ ነው የወጣው። እሑድ የእናቴ ሙት ዓመት ነው፤ ድንኳኑ የሚተከለው እዚያው ላይ ነው፣ ሕፃናትም ይመጣሉ። ምን ላፍስበት? ጨው ወይስ ነጭ ጋዝ? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ሰባራ መጥረቢያ
የምን ዛፍ ጉቶ? መቼ የተቆረጠ? ከቤቱ ምን ያህል ይርቃል? ሐኪም ፊት ቀርቦ «አመመኝ» ብሎ ዝም ማለት ሆነ እኮ።

የአዘዞዋ
ይቅርታ፣ ደንግጬ ነው። ባሕር ዛፍ ነው፤ ካቻምና አስቆረጥሁት። ሲያቆጠቁጥብኝ የተቃጠለ ዘይት ደፋሁበትና ደረቀ። ከማድ ቤቱ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ይርቃል።

ከሰል ይግባ
ላዩን በመጥረቢያ ፈልፍለሽ ከሰል አንድጂበት። በሁለት ቀን አመድ ይሆናል።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ መጀመሪያ ታሪኩን ማወቅ ይገባል። ባሕር ዛፍ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ወደ እኛ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት ነው፤ አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ነበርና። ከተቆረጠ በኋላ እንደገና ማቆጥቆጡ ለገበሬው ሲሳይ ነው፤ ለማገር፣ ለአጣና፣ ለማገዶ ደጋግሞ ይቆረጣል። እናንተ ግን በግቢ ውስጥ፣ ያውም ማድ ቤት ሥር ትተክሉና በኋላ ታለቅሳላችሁ። ጽድ ብትተክሉ ምን ነበረበት?

ሰባራ መጥረቢያ
ጋሼ፣ ዛፉ ተቆርጧል። ጥያቄው ስለ ጉቶው ነው።

የፒያሳው
በሽንኩርትና በቃሪያ ጠበስ አድርጊውና ለእሑድ እንግዶች አቅርቢው።

እማማ ጌሾ
እንዲህ ያለ ቀልድ አይቀለድም፣ ልጄ! ያላወቁትን የጅብ ጥላ አፍ ማስጠጋት ሞት አለበት። አንዱን ከአንዱ ዓይን አይለየውም፤ መቀቀልም መርዙን ሁሉ አያጠፋም። ሕፃናቱ ሳይደርሱ ነቅለሽ በፌስታል ቋጥረሽ ጣዪው።

ዝምተኛው
እኔ ችግሩ አልታየኝም። እንጉዳይ የሞተ እንጨት ይበላል፤ ሥራው ይኸው ነው። በፋሲል መዋኛ ግንቡን የጨበጠውን ሥር ሰው ከፍሎ ያየዋል፣ አንቺ በአንድ ጉቶ ትጨነቂያለሽ። ብትተዪው ራሱ አበስብሶ ይጨርስልሻል።

የችግኝ ጣቢያው
ዝምተኛው ግማሹ ልክ ነው። እኅቴ፣ ጨው አፈርሽን ያመክነዋል እንጂ ፈንገሱን አይነካውም፤ ጋዙንም ተዪው። የምታዪው የጅብ ጥላ ፍሬው ብቻ ነው፣ ዋናው አካሉ ጉቶውና ሥሩ ውስጥ ነው። አሁን አፈሩን ጫር ጫር አድርገሽ የጉቶውን ቅርፊት ከታች በቢላዋ አንሺ። በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ነጭ ስስ ነገር ተነጥፎ ካገኘሽና እንጉዳይ እንጉዳይ ከሸተተሽ፣ አርሚላሪያ የሚሉት ሥር አበስባሽ ሳይሆን አይቀርም። እርሱ የሞተ እንጨት ብቻ በልቶ አይጠግብም፣ ወደ ሕያው ተክል ይሻገራል። በአቅራቢያው የታመመ ተክል አለ?

ከሰል ይግባ
ከሰል።

የአዘዞዋ
ኧረ አለ። እናቴ የተከለችው ኮክ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ አለ። ከሰኔ ጀምሮ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል፤ ዝናብ የበዛበት መስሎኝ ነበር። ቅርፊቱን አንሥቼ አየሁ። ነጭ ነገር አለ፤ የተቀቀለ እንቁላል ሲላጥ ከቅርፊቱ ሥር የምናገኘውን ስስ ቆዳ ይመስላል፣ በጥፍር ሲይዙት ተያይዞ ይነሣል። ሽታውም እንዳልከው ነው።

የችግኝ ጣቢያው
እንግዲያው የኮኩንም አንገት፣ ግንዱ ከአፈር የሚገናኝበትን ማለቴ ነው፣ ግለጪና ቅርፊቱን በትንሹ አንሥተሽ እዪ። ነጩ ግንዱን ዙሪያውን ከያዘው ኮኩ አይተርፍም። በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ አፈሩን ከአንገቱ አርቀሽ ክፍት ተዪው፣ ሲደርቅ ፈንገሱ ይዘገያል። ከእንጨቱ ውስጥ የሚያጠፋው የሚረጭ መድኃኒት የለም። የሚሻገረው ሥር ከሥር ሲነካካ ነውና በጉቶውና በኮኩ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ይቆፈር፤ አፈሩን ወደ ኮኩ በኩል አትበትኚው። ጉቶውን በዶማና በድጅኖ አስነቅዪ፣ ጣት የሚያህለውን ሥር ሁሉ እየለቀማችሁ። ጉድጓዱን በዚያው ፍርፋሪ አትሙሉት። ለጥቂት ዓመታት እዚያ ቦታ ላይ ጎመን ወይም በቆሎ እንጂ ዛፍ አይተከል፤ ጌሾም ቡናም ይቅር።

ሰባራ መጥረቢያ
የአዘዞ መረሬ አሁን ጭቃ ነው፤ ዶማው ይዋጣል። በጋ ሲገባ ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። ከመስቀል በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት አስቆፍሪው። እሳቱን ግን አደራ! ዘይት የጠጣ ጉቶ ነው፤ የባሕር ዛፍ ሥር ውስጥ ለውስጥ ሲጨስ ሰንብቶ ማድ ቤትሽ ሥር ይወጣል።

የፒያሳው
ለእሑዱ የጠላውን ጋን ጉቶው አጠገብ አስቀምጪው። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል፣ በጉቶ ቢደገፍ ምን አለ?

የአዘዞዋ
ሳቅሁ፣ ያውም በዚህ ቀን። ጋኑ እዚያው ይቀመጣል። የኮኩን አንገት ግን ሰኞ ነው የማየው፤ አሁን ለማየት አቅም የለኝም።

እማማ ጌሾ
እናትሽን ነፍስ ይማር፣ ልጄ።

የችግኝ ጣቢያው
ኅዳር ገባ እኮ። እኅታችን፣ ኮኩ እንዴት ሆነ?

ከሰል ይግባ
እኔ ከሰል አንድጂበት ብዬ ነበር።