የዳይቪንግ ሬጉሌተር ጥገና ለመማር፦ ምን ልግዛ? ለማን ልስጥ?

እዚህ እስራኤል፣ ቀይ ባሕር ዳር ባለችው ኤላት ውስጥ ዳይቪንግ (ባሕር ጠልቆ መዋኘት) የምንወድ ሐበሾች ጥቂት ነን፤ ግን በየሳምንቱ አንድ ሰው ይጠይቀኛል። «ሬጉሌተሬን የት ላሠራው? ራሴስ ልሠራው አልችልም ወይ?» ይለኛል። ሬጉሌተር ማለት የሲሊንደሩን (የአየር ጋኑን) አየር ውሃ ውስጥ ለመተንፈስ ወደሚሆን ግፊት የሚያወርድልን ዕቃ ነው። መልሴን አንዴ በደንብ ልጻፈው። ትችላላችሁ። ግን መጀመሪያ መለካት ተማሩ፤ መፍታቱ ይደርሳል።

እኔ ወደዚህ ነገር የገባሁት ተናድጄ ነው። ሬጉሌተሬን ለሰርቪስ ሰጠሁ፣ ሂሳብ ከፈልኩ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተቀበልኩ። በማግስቱ ባሕሩ ዳር ሲሊንደሩን ስከፍት አፍ ላይ የሚገባው ክፍል ሽሽሽ እያለ አየር ማፍሰስ ጀመረ። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ትንሽ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ነበረው፤ የዳይቪንግ ጃኬቱን በአየር የሚሞላው ቱቦ ላይ ሰካው። መርፌው 9 ተኩል ባር ላይ ቀጥ ማለት ሲገባው ቀስ እያለ ወጣ። 10። 10 ተኩል። 11። ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልለካ ውሃ ገብቼ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰረው ፈርስት ስቴጅ የ200 ባር አየር ተቀብሎ ወደ 9 ወይም 10 ባር ያወርደዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ አፋችን ላይ ያለው ሰከንድ ስቴጅ ይጨርሰዋል። የፈርስት ስቴጁ መዝጊያ ፕላስቲክ ከተበላ ወይም ከቆሸሸ በደንብ አይዘጋም። አየሩ ቀስ በቀስ ይሾልካል፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ በመጨረሻ ሰከንድ ስቴጁ ተገፍቶ ይከፈታል። ያ ሽሽሽታ ይሄ ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሱና መርፌውን ተመልከቱ። ቶሎ ቆሞ ባለበት ከረጋ ጤነኛ ነው። መውጣቱን ካላቆመ ዳይቪንጉ ለሌላ ቀን ይሁን።

እናም የመጀመሪያ ጥቆማዬ ይህ ጌጅ ነው። እስከ 20 ባር የሚያነብ፣ በጃኬት ቱቦ ላይ የሚሰካ ይሁን። ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍስ ቫልቭ ያለው ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ምንም ሳትፈቱ ከሁሉም በላይ የሚነግራችሁ ግን እሱ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ ነጻ ነው። ሳፋ ውሃ ሙሉ። አየሩን ክፈቱና ሰከንድ ስቴጁን መንከሻውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ውሃው ውስጥ አውርዱት። አየር መልቀቅ ሲጀምር ከፊቱ ክዳን ሥር ያለው ክብ ላስቲክ ከውሃው ወለል ምን ያህል እንደጠለቀ በማስመሪያ እዩ። ከ2 ተኩል እስከ 3 ተኩል ሳንቲም ገደማ ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ከራቀ ለመተንፈስ ይከብዳል፤ በጣም ካነሰ በትንሹም በትልቁም ያፈሳል።

በምን ልማር ለሚለው፣ ስኩባፕሮ ኤምኬ2 የሚባለውን ፈርስት ስቴጅ ያገለገለ ፈልጉ። ውስጡ አንድ ፒስተን፣ አንድ ሞላ፣ አንድ መዝጊያና ጥቂት ኦሪንግ (አየር እንዳይሾልክ የሚያደርግ የላስቲክ ቀለበት) ነው። አንዴ ሲፈታ ካያችሁ አሠራሩ በራሱ ይገባችኋል። ድክመቱ ሲሊንደሩ ባዶ ወደ መሆን ሲጠጋ ግፊቱ ትንሽ መውረዱ ነው። ሌላው ፈርስት ስቴጅ፣ አፔክስ ዲኤስ4፣ ደግሞ ግፊቱን እስከ መጨረሻው እኩል ይይዛል፣ ጨውም ወደ ሞላው በቀላሉ አይደርስም። ለመዋኘት እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ ለመጀመሪያ መማሪያ ግን ክፍሎቹ ይበዛሉ። በምንም ዓይነት የምትተነፍሱበትን ብቸኛ ሬጉሌተር መማሪያ አታድርጉት!

ለመሣሪያ ብዙ ገንዘብ አታጥፉ። ለሬጉሌተሩ የሚሆነው ልዩ መፍቻ፣ ለስላሳ መንጋጋ ያለው ሞርሳ፣ አጉሊ መነጽር፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ኦሪንግ ለማውጣት ካቻቢቴ ወይም መርፌ አትጠቀሙ፤ ኦሪንጉ የሚቀመጥበት ነሐስ ላይ አንድ ጭረት ካለ ዕቃው ሊያፈስ ይችላል። ስቴኪኒ ይበቃል። ለማጠብ ነጭ ኮምጣጤ በለብ ያለ ውሃ እኩል አደባልቁ። አረንጓዴው ዝገት አረፋ እያወጣ ሲለቅ ታያላችሁ። ግን አታሳድሩት፣ ደቂቃዎች ይበቁታል፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ለግሪስ ክሪስቶሉብ የሚባለውን እመክራለሁ፤ ውድ ነው፣ ግን የምሥር ፍሬ የምታህል ብቻ ነው የምትፈልጉት። ተራው የሲሊኮን ግሪስ ኦክስጅን ከበዛበት አየር ጋር አይስማማም።

ፈርስት ስቴጁ መግቢያ ላይ ያለችውን ትንሽ ማጣሪያ ሳታዩ አትለፉ። አረንጓዴ ከሆነች ውሃ ገብቷል። ቀይ ከሆነች የብረት ሲሊንደሩ ውስጡ ዝጓል። ነጣ ያለ ዱቄት ካለባት ሲሊንደሩ አሉሚኒየም ነው፣ ይመርመር።

ትልቁ ራስ ምታት መለዋወጫ ነው። ብዙ አምራቾች የሰርቪስ ዕቃውን የሚሸጡት ለወኪሎቻቸው ብቻ ነው። አንዳንድ የአውሮፓ የኦንላይን ሱቆች ግን ለማንም ይሸጣሉ። ሬጉሌተር ከመግዛታችሁ በፊት ዕቃው ይገኝ እንደሆነ ፈልጉ። ራሳችሁ ከፈታችሁት ደግሞ ዋስትናው እንደሚቀር እወቁ።

ኮርስን በተመለከተ፣ የዳይቪንግ አሠልጣኝ ድርጅቱ የፓዲ የዕቃ አያያዝ ኮርስ ለጀማሪ ደህና ነው፤ ሬጉሌተር ፈትቶ መግጠም ግን አያስተምራችሁም። የአምራቾቹ ትምህርት በአብዛኛው ለሱቅ ሠራተኞች ነው። እኔን የጠቀመኝ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ጎን ቁጭ ብዬ ማየቴ ነው። ቡና ይዤለት እሄድ ነበር።

ራሴ አልሠራም ካላችሁም ሰርቪስ ቤቱን በሁለት ጥያቄ ፈትኑት። «እዚሁ ነው የምትሠሩት ወይስ ወደ ሌላ ትልካላችሁ?» እና «የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎች ትመልሱልኛላችሁ?» አሮጌዎቹን በፌስታል አድርጎ፣ የተለካውን ቁጥር ወረቀቱ ላይ ጽፎ የሚሰጣችሁን ያዙ። ቁጥር የሌለበት ማኅተም ለእኔ ምንም አይነግረኝም። ለልጆቼ ሬጉሌተሮች እስከ ዛሬ የምሄደው እንዲህ ያለ ሰው ጋ ነው።

የእኛ ባሕር ጨው ይበዛበታል፤ ውቅያኖሱ በኪሎ 35 ግራም ገደማ ሲሆን እዚህ 40 ያልፋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዳይቪንግ በኋላ የፈርስት ስቴጁን መግቢያ ክዳን ደረቅ አድርጋችሁ ግጠሙ፣ ሬጉሌተሩን በለብታ ውሃ ንከሩት፣ አየር ሳይኖረው የሰከንድ ስቴጁን የፊት ቁልፍ አትጫኑ።

በእጄ የሠራሁትን ሬጉሌተር መጀመሪያ የምሞክረው 5 ሜትር ላይ፣ ጓደኛዬ አጠገቤ ሆኖ ነው። ወጥቼ እንደገና እለካዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 እዚሁ ባሕር ውስጥ ወደሰጠመችው ሳቲል መርከብ ይዤው የምወርደው እንዲህ ሁለት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።