የወፍ ዋሻ ደን ከጉም የሚያገኘውን ውሃ በሞዴል እንዴት ላስላ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ፣ በሰሜን ሸዋ በወፍ ዋሻ ደን ዛፎች ከጉም የሚይዙትን ውሃ ለማስላት እየሞከርሁ ነው። በጣርማ በር ያለፈ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና አካባቢው በጉም ይሸፈናል። አንድ ማለዳ ገላጣው ላይ ያቆምሁት የዝናብ መለኪያ ደረቅ ሆኖ ሳለ፣ ጥቂት እርምጃ ርቆ ከቆመው፣ ቅጠሉ ቀጫጭን ከሆነው የደጋ ዛፍ ከአስታ ሥር አፈሩ ርሶ፣ እንደ ጢም ከተንዠረገገው የዛፍ ሽበት ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል አየሁ። አንድ ካሬ ሜትር የጉም መረብ ተክዬ በየቀኑ የሚሰበስበውን መዝግቤአለሁ፤ ሊትሩን በደኑ ስፋት ሳባዛው ግን ውጤቱ ከዓመቱ ዝናብ በልጦ አስደነገጠኝ። ስሕተቴ የት ላይ ነው?

መልስ 1፦
ስሕተቱ የመረቡንና የመሬቱን ስፋት እንደ አንድ መቁጠርዎ ነው። መረቡ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበላል፤ ደኑ ያገኘው ውሃ ግን የሚለካው በመሬት ስፋት ነው። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 0.2 ግራም የጉም ውሃ ቢኖርና ነፋሱ በሴኮንድ 3 ሜትር ቢነፍስ፣ በአንድ ካሬ ሜትር የቆመ ገጽ በሰዓት 2.16 ሊትር ያልፋል፤ መረቡ አንድ አምስተኛውን ቢይዝ 0.43 ሊትር ይሆናል። እያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ይህን ያህል ያገኛል ማለት፣ ፊት ያለው ዛፍ አስቀድሞ የያዘውን ጠብታ ከኋላ ላለው ዛፍ ደግሞ እንደ ማደል ነው። ነፋሱ ወደ ደኑ በገባ ቁጥር ይደክማል፣ ጉሙም ይሳሳል፤ ስለዚህ ዳር ያሉት ዛፎች የአንበሳውን ድርሻ ይወስዳሉ።

እኔ የምመክረው፣ ሎቬት የተባለ ተመራማሪ በ1984 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ለሚገኝ የተራራ ደን እንዳደረገው፣ ዛፎቹን ከላይ እስከ ታች በንብርብር ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ንብርብር የቅጠሉን ስፋት፣ የነፋሱን ፍጥነትና የጠብታውን መጠን አስገብቶ ማስላት ነው። የቅጠሉ ቅርጽም አይዘንጋ። አየሩ ቅጠሉን ዞሮ ሲያልፍ ከበድ ያለው ጠብታ መታጠፍ ተስኖት ይጋጫል፤ ቅጠሉ በቀጠነ መጠን ደግሞ ግጭቱ ይበዛል፤ አስታ ከሰፋፊ ቅጠል ዛፎች የተሻለ የሚይዘውም ለዚህ ነው።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ሆኖም ሞዴሉ የሚፈተነው በመረቡ ሳይሆን ከዛፎቹ ሥር በሚለካው ውሃ ነው። ከቅጠል የሚንጠባጠበውን፣ በግንድ የሚወርደውንና ቅጠል ላይ ቀርቶ የሚተነውን ደምረው፣ ገላጣው ላይ የተለካውን ዝናብ ይቀንሱ፤ ትርፉ የጉም ውሃ ነው። ጠብታው ከቦታ ቦታ እጅግ ስለሚለያይ ሁለት ሦስት መለኪያ አይበቃም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ፣ ነፋስ ያለበትን ካፊያ የዝናብ መለኪያው አሳንሶ ማሳየቱ ነው፤ ይህ ጉድለት ሳይታረም ከቀረ ዝናቡ ጉም ተብሎ ይመዘገባል።

አቅም ካለ የውሃውን ኢሶቶፕ፣ ማለትም በክብደት ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞችን፣ ማስመርመር ይረዳል፤ የጉም ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከዝናቡ ይልቅ በከባዶቹ ኢሶቶፖች የበለጸገ ነው። በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ሬድውድ በሚባሉ ግዙፍ ዛፎች ደን፣ በ1998 በታተመ ጥናት፣ ከዓመቱ ውሃ በአማካይ 34 በመቶው ከጉም ጠብታ እንደሆነ ታውቋል፤ ይህን ቁጥር ግን ለወፍ ዋሻ እንዳይዋሱት።

መልስ 3፦
አንድ ነገር ልጨምር፤ የነፋስ መለኪያውን ከዛፎቹ አናት በላይ ይስቀሉት። ገላጣው ላይ የተለካው ፍጥነት አናቱ ላይ ካለው ያነሰ ስለሚሆን፣ ሌላው ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ ስሌቱን ያዛባብዎታል።