«ሽናብል» የተባለው የጀርመንኛ ቃል ከፈረንሳይኛው «ቤክ» ጋር ይዛመዳል?

የከዚራ ተማሪ፦
እዚህ ድሬዳዋ ጀርመንኛ እየተማርሁ ነው። «ሽናብል» የወፍ መንቁር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም በአንድ ንባብ ውስጥ እናት ልጇን «ሃልት ደን ሽናብል» ስትለው አገኘሁ። በምድር ባቡር ዘመን ፈረንሳይኛ የተማሩ ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ ቃሉ በፈረንሳይኛ መንቁር ማለት ከሆነው ከ«ቤክ» ሳይመጣ አልቀረም ይላሉ። የሚያውቅ ቢያስረዳኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ጀጎል፦
ሁለቱ ቃላት ዝምድና የላቸውም። «ቤክ» በላቲኑ «ቤኩስ» በኩል ዛሬ ፈረንሳይ በምትባለው አገር ይኖሩ ከነበሩት ከጥንታውያን ጎሎች ቋንቋ የመጣ ነው። የሮማው ጸሐፊ ስዌቶኒዩስ፣ በቱሉዝ የተወለደው የጦር አዛዥ አንቶኒዩስ ፕሪሙስ በልጅነቱ «ቤኮ» ይባል እንደነበርና ይህም የአውራ ዶሮ መንቁር ማለት እንደሆነ ጽፏል። «ሽናብል» ግን የጀርመን ቋንቋዎች የራሳቸው ቃል ሲሆን ጥንት «ስናቡል» ይባል ነበር፤ ደቾችም (ሆላንዳውያን) ዛሬ «ስናቭል» ይላሉ። በአፍ ላፍ ማድረግን ከሚገልጸው «ሽናፐን» ከሚለው ግስ ጋር ይዛመዳል። የሐረር ሥጋ ተራ ጭልፊቶች የሚነጥቁት በጥፍራቸው ስለሆነ ለምሳሌነት አይሆኑም፤ ዶሮ ጥሬ ስትለቅም ያስቡ።

መምህር ከሳቢያን፦
እናትየዋ ያለችው «አፍህን ዝጋ» ነው። ለሕፃን በፍቅርም በቁጣም ይባላል፤ ለታላቅ ሰው ግን ነውር ስለሆነ ክፍል ውስጥ እንዳይሞክሩት። ቃሉ ሹል አፍ ላለው ዕቃም ይውላል፦ «ሽናብልታሰ» ክዳኑ ላይ ጠባብ ቱቦ ያለው ኩባያ ነው፤ ሕመምተኛ ጋደም ብሎ ሳይፈስበት ይጠጣበታል። በ1656 ፓውል ፉርስት ኑርምበርግ ላይ ያሳተመው ሥዕል ደግሞ «ዶክቶር ሽናብል» የተባለ የወረርሽኝ ሐኪም ያሳያል፤ የተበከለ አየር በሽታ ያመጣል ተብሎ ይታመን ስለነበር እንዲህ ያሉ ሐኪሞች በጭምብላቸው መንቁር ውስጥ መዓዛ ያለው ቅጠል ይጨምሩ ነበር።

የከዚራ ተማሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ። «ግሩንሽናብል» የሚለውስ? «አረንጓዴ መንቁር» ሆኖብኝ ትርጉም አጣሁለት።

መምህር ከሳቢያን፦
ልምድ ሳይኖረው አዋቂ ነኝ የሚል ጀማሪ ማለት ነው፤ «አረንጓዴ» ያልበሰለ ለማለት ነው። በዚሁ ፍቺ «ጌልብሽናብል»፣ ማለትም «ቢጫ መንቁር»፣ የሚባልም አለ፤ መነሻው የወፍ ጫጩት አፍ ዳሩ ቢጫ መሆኑ ነው።

ጀጎል፦
ለጋሼ ይህንንም ይንገሩልኝ፦ መንቁርን ከአፍ ሥራው መሰየም የጀርመኖች ብቻ አይደለም። ዐረቦች «ሚንቃር» የሚሉት «ነቀረ» ከሚለው ግስ ነው፤ ጫር አድርጎ መልቀም ማለት ነው፤ ከእኛው «ምንቃር» ጋር ሲያስተያዩት ዝምድናው ወዲያው ይታያል።